ሰባት ቀን ዝምታ

«ልቧ ነው እንላለን፤ በቃ፣ አለቀ» አሉ ጋሽ ተረፈ። ያንሾካሾኩ መስሏቸዋል። ሃያ ስምንት ዓመት የኦስሎን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህም ድምፃቸው ከሞተር ጋር እንደተፎካከረ ነው። ኮሪደሩ ላይ ካፖርት የሚያወልቁ ለቀስተኞች ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩ።

አባይነሽ የማዕድ ቤቱን በር በተረከዟ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ቀስ ይበሉ እንጂ ጋሼ። አሰለፈች እኮ እዚህ ግድግዳ ጀርባ ናት።»

«እሱን አይደል የምለው! እናት ናት። ሬሳው ገና ምርመራ ላይ ነው፣ ልጇን እንኳን አልቀበረችም። አሁን ‘መድኃኒቷን ራሷ አቁማ ነው የሞተችው’ ብለን ጆሮዋ ላይ እናፍርጠው? ሐኪሙ ለእኔ ሲነግረኝ እኔ ራሴ ወንበር ነው የፈለግኩት። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረናል። ለሚጠይቅም ለማይጠይቅም ልቧ ነው። አንቺ ደግሞ ከአጠገቧ አትጠፊም፤ ወሬ የሚያመልጠው ሰው ካየሽ ቆንጠጥ አድርጊልን።»

«እሺ» አለች አባይነሽ።

ጋሽ ተረፈ ልብ ቢሉ ኖሮ በዚች እሺታ ይደነግጡ ነበር። አባይነሽ ሽንኩርት ክተፊ ብትባል እንኳን ስለ ቢላዋው ሁለት ጥያቄ ሳትጠይቅ የማትነሳ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ቃሉን ከአፋቸው ነጠቀቻቸው። ምክንያቱም ከዚያ ቤት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ራሷ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእርጎው ጀርባ፣ በቢጫ ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ። የሟቿ የፍሬ ኢንሱሊን ነው። ሰው ሁሉ ልቧ ነው ካለ፣ ያንን ፌስታል የሚጠይቅ አይኖርም።

ሃውገንስቱዋ፣ እነሱ የሚኖሩበት የኦስሎ ዳርቻ፣ ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ይመሻል። ሳሎን ውስጥ መብራቱ በርቶ፣ ማኅበሩ ያመጣቸው ተጣጣፊ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። አሰለፈች መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ የሰው ሕፃናት ስታሳድግ የኖረች ሴት ናት፤ እጆቿ ዛሬ የሚይዙት አጥተው ጭኗ ላይ ተጋድመዋል።

«በጾም ነው የሄደችልኝ» ትላለች ለገባው ሁሉ። «የነቢያት ጾም ከገባ ጀምሮ እኮ ቁርስ የሚባል አልቀመሰችም። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ዝም ትላለች፣ አንገቷን ትደፋለች። እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ አድጋ! ሰባት ቀን ሱባኤ ይዛ ነው ፈጣሪዋ የወሰዳት።»

«የታደለች» ይላሉ ሴቶቹ። «ምን አጠፋች፣ ንጹሕ ሆና!»

አባይነሽም አብራ «የታደለች» ትላለች።

ታናሽዬዋ ኤማ ትሪ ይዛ ትዞራለች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የጥቁር ሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ድረስ ጎትታዋለች። ሻይ ላንዱ ሰው ትሰጥና ወደ ቧንቧው ትሄዳለች፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድታ ቆማ ትጠጣለች፤ ትመለስና ለሌላው ሻይ ትሰጣለች፤ ደግሞ ወደ ቧንቧው።

«ሐዘን ያቃጥላል» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ በሐዘኔታ እያየቻት።

አባይነሽ ግን ብርጭቆዎቹን መቁጠር ጀመረች።

ሁለቱም እህትማማቾች ስኳር በሽታ አለባቸው። ፍሬ በሰባት ዓመቷ ስትታመም፣ አሰለፈች መርፌ ይዛ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ የልጅቷን እግር የያዘችው አባይነሽ ነበረች። ኤማ በዘጠኝ ዓመቷ ስትደግመው ግን አሰለፈች ማንንም አልጠራችም። ብቻዋን መርፌውን ወጋች፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች። ይህንንም የምታውቀው አባይነሽ ናት፤ የብሎኩ ግድግዳ ስስ ነው፣ የአባይነሽም ጆሮ ሥራ አይፈታም።

ፍሬ አደገች፣ ተማረች፣ ቢየርቪካ ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች ባንዱ ውስጥ ሥራ ያዘች። ሕንፃውን ማለዳ የምታጸዳው ማን ሆነና! አንድ ጠዋት አባይነሽ መጥረጊያዋን እየገፋች የስብሰባ ክፍል ስትከፍት፣ ፍሬ ምንጣፉ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሐውልት መስላ ተቀምጣለች።

«በስመ አብ! ፍሬ! ስኳርሽ ወረደ?» ብላ ትከሻዋን ይዛ ናጠቻት።

ፍሬ አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጠች። «ታንተ» አለች፣ አክስቴ እንደማለት፤ «እያሰላሰልኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ምንም።»

«ምንም ለማሰላሰል ነው ጎህ ሳይቀድ ከቤትሽ የወጣሽው? እኔ ቤት ሶፋ ላይ ሆኜ በነጻ እሠራው የለ!»

ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ መልካም ነገር ነበር። እንቅልፍ አጥታ ስትንገላታ የኖረች ልጅ መተኛት ጀመረች፤ ፊቷ ተመለሰ። ከአባይነሽ ጋር የምታጸዳዋ ታይላንዳዊቷ ኖይ እንኳን አይታ፣ «ሴት አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስትቀመጥ ኖራለች፤ ግን መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒኗን ውጣ ነው» ብላ ነበር። አባይነሽ ያን ጊዜ ስቃ አለፈችው።

ከዚያ ሆኮን የሚባለው ሰው መጣ። ኖርዌያዊ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት እስያ ውስጥ ከታላላቅ መምህራን እግር ሥር ተቀምጬ የመፈወስ ጥበብ ተማርኩ ይላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ቤት አለው። እዚያ ሰባት ቀን ይገባል፤ ምግብ የለም፣ ወሬ የለም፣ ስልክ የለም፣ መድኃኒት የለም። ጠዋትና ማታ በዝምታ ይቀመጣሉ። ከዚያ የክርናቸውን ውስጥና የጉልበታቸውን ጀርባ በመዳፋቸው ይመታሉ፣ ይመታሉ፣ ቆዳው እስኪጠቁር። መጥቆሩ መርዙ ሲወጣ ነው፤ ማስታወኩም፣ ጥማቱም፣ ራስ መሳቱም መርዙ ሲወጣ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ መታመም የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም መዳን ነው።

ፍሬ ከመግባቷ በፊት ሳምንታት ምግብ ትቀንስ ነበር። እናቷ ጾም መሰላት። ጎረቤት ሁሉ ጾም መሰለው። የሐበሻ ልጅ በነቢያት ጾም ወቅት ሳትበላ፣ ሳትናገር፣ ዓይኗን ሰብራ ደረጃ ስትወጣ ቢያዩ፣ ሌላ ነገር ማን ይጠረጥራል?

አባይነሽ ግን ታውቅ ነበር።

በመግቢያዋ ዋዜማ ፍሬ ቢጫውን ፌስታል ይዛ በሯን አንኳኳች።

«ታንተ፣ ፍሪጅሽ ቦታ አለው? ሰባት ቀን ብቻ። ማማ ክፍሌ ውስጥ ካየችው ትጮሃለች፤ ይዤው ከሄድኩ ደግሞ እፈተናለሁ።»

አባይነሽ ፌስታሉን ገልጣ አየች፤ ምን እንደሆነም አወቀች። እዚህ ላይ «አበድሽ?» ማለት ነበረባት። እሷ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ጨጓራዋን ታማ ጸበል የገባችበት ጊዜ ትዝ አላት። አጥማቂው ክኒንሽን ጣይ ብሏት ጥላ፣ በሰባተኛው ቀን ድና በእግሯ ወደ ቤቷ የሄደችበት። ይህን ታሪክ መተረክ ትወዳለች፤ አድማጭ ስታገኝ ደግሞ ትንሽ ታሰማምረዋለች። ለፍሬም ደረጃው ላይ ቆማ ከነማሰማመሪያው ተረከችላት።

«ሱባኤ በይው» አለቻት በመጨረሻ። «እኔም ክኒኔን ጥዬ ነው የዳንኩት።»

«አየሽ! አንቺ ይገባሻል» አለች ፍሬ፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። የሃያ ዓመት መርፌ የሰለቻት ልጅ እቅፍ ነበር። ለእናቷም ሱባኤ ነው የምገባው ብላ ሄደች።

የጨጓራ ክኒንና ኢንሱሊን አንድ እንዳልሆኑ አባይነሽ አታውቅም ማለት አይቻልም። እያወቀች፣ ታሪኳ ስለጣማት ነው።

በልቅሶው ሦስተኛ ቀን ረፋድ ላይ ሆኮን ራሱ ለልቅሶ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጺሙ የተበጠረ። ወንበር ሲሰጡት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ አለና ከአሰለፈች ፊት ለፊት መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሴቶቹ ተያዩ።

«እንዴት ያለ ትሁት ነው! መነኩሴ አይመስልም?»

አሰለፈች የልጇ አለቃ መሰላት ወይ የልጇ ካህን፣ አይታወቅም። ልጇን በመጨረሻ ያየ ሰው መሆኑ ብቻ በቃት። እጁን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

ሆኮን ፊቱን ወደ ኤማ መለሰ፤ በለሰለሰ ድምፅ፣ በኖርዌይኛ መናገር ጀመረ። የአባይነሽን ኖርዌይኛ ጎረቤቶቿ የባልዲና የመጥረጊያ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። ያን ቀን ግን እያንዳንዷ ቃል ገባቻት።

«እህትሽ ልትሻገር አንድ ቀን ሲቀራት ፈራች» አለ። «የጣላት ፍርሃቷ ነው። አንቺ ግን ጀምረሻል፣ አታቋርጪ። ለእሷም ትጨርሽላታለሽ። ዓርብ ጠዋት ሄልስፊር፣ አውቶቡስ ተራው ጋ መኪና ይዤ እጠብቅሻለሁ።»

ኤማ አንገቷን ነቀነቀች።

«ምን አለ?» አለች አሰለፈች፣ በጉጉት ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች። «ኤማዬ፣ ምን አለኝ?»

ኤማ ልጅ ሆና ጀምሮ የእናቷ አፍ ናት፤ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋም፣ ሐኪም ቤትም፣ ትምህርት ቤትም እሷ ነበረች የምታስተረጉም። እናት የልጇን ትርጉም ተጠራጥራ አታውቅም።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው የሚለው፣ ማማ። ፍሬ ጎበዝ ነበረች አለ።»

«ይባረክ። ይባረክ በይልኝ።»

አባይነሽ አፏን ከፈተች። ከፊት ለፊቷ ጋሽ ተረፈ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፤ ዛሬስ ያለ ድምፅ ነበር የተናገሩት፦ ዝም። ዝም አለች። ሆኮን ጎንበስ ብሎ ተሰናብቶ ወጣ፤ ኤማም ተነስታ ወደ ቧንቧው ሄደች። ከንጋት ጀምሮ ዘጠነኛው ብርጭቆ ነው።

አባይነሽ ተከትላት ገባች፤ ክንዷን ይዛ ወደ መኝታ ክፍል ወሰደቻትና በሩን ቆለፈችው።

«እጅጌሽን ሰብስቢ።»

«ናይ። አልሰበስብም።»

«ኤማ!»

«ታንተ፣ ተይኝ አልኩ።»

አባይነሽ ሰበሰበችው። ክንዷ ላይ ሁልጊዜ ተለጥፋ የምትታየው፣ ስኳሯን የምትለካው ነጭ ክብ ነገር የለችም። የክርኗ ውስጥ እንደ በለስ ጠቁሯል።

«መቼ ነው መውጋት ያቆምሽው?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ትናንት ጠ... እህትሽ ሬሳ ክፍል ተኝታ?»

«እሷ የሞተችው ስላልጨረሰች ነው!» ኤማ ድምፅዋን አፍና ነበር የጮኸችው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «አንቺ አታውቂም። በስድስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ከማብሰያ ቤቱ ስልክ ተደብቃ። ‘ኤማ ጠማኝ፣ መቆም አቃተኝ፣ መድኃኒቴን አምጪልኝ’ አለችኝ። እኔ... እኔ ደግሞ አንድ ቀን ነው የቀረሽ፣ በርቺ አልኳት። አንድ ቀን ነው የቀረሽ አልኳት፣ ታንተ።»

አባይነሽ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እና እሱ ውሸቱን ከሆነ» አለች ኤማ፣ «እኔ ነኝ የገደልኳት። ፎሽቶር ዱ? ይገባሻል? ስለዚህ ውሸት አይደለም። እጨርሳለሁ፣ እድናለሁ፣ ከዚያ እውነት ይሆናል።»

ከሳሎኑ የጋሽ ተረፈ ድምፅ ይሰማል፤ ለአዲስ ገቢ እያስረዱ ነው። «ልቧ ነው... አዎ፣ ድንገት... ልቧ።»

«መድኃኒቷ እኔ ጋ ነው» አለች አባይነሽ።

«ምን?»

«አምጪልኝ ያለችሽ መድኃኒት። እኔ ፍሪጅ ውስጥ ነበረ። አሁንም አለ። እኔ ነኝ ሱባኤ ነው ብዬ የሸኘኋት።»

ኤማ እንደማያውቁት ሰው አየቻት። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲያ አንቺም ዝም ብትዪ ነው የሚሻልሽ» አለች። «ለማማ ከነገርሽ ዓርብን አልጠብቅም፣ አሁን እሄዳለሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ማንም አይዘኝም። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እሷ ሁለተኛ በሯን አትከፍትልሽም፣ እኔም እሄዳለሁ። ምን ይጠቅማል?»

ልጅቷ ስሌቱን አልሳተችም። አባይነሽ ለዚያች ቤት ሃያ ዓመት ቤተሰብ ናት፤ ኦስሎ ውስጥ ሌላ የምትለው ቤት የላትም። እዚያ አልጋ ላይ ተቀምጣ የፈራችው ይህንኑ ነበር፤ መዋሸት ምን ያህል ቀላል እንደሆነም ታያት። ጋሽ ተረፈ መንገዱን ጠርገውላታል። ልቧ ነው ማለት ብቻ።

የኤማ ትንፋሽ ፊቷ ላይ መጣ። ጣፋጭ፣ እንደበሰበሰ ፖም ያለ ሽታ። ፍሬ በሰባት ዓመቷ ራሷን ስታ የወደቀች ቀን የሸተታት ሽታ ነው።

አባይነሽ ቁልፉን ከፈተችና ወጣች።

ሳሎኑን አቋርጣ አሰለፈች ፊት ተንበረከከች።

«አሱዬ፣ ስሚኝ።»

«ምነው፣ አባይ? ተቀመጪ እንጂ።»

«ፍሬ ልቧ አይደለም።»

«አባይነሽ!» አሉ ጋሽ ተረፈ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ልቧ አይደለም አሱዬ። ጾምም አልነበረም። ያ እጁን የሳምሽው ሰውዬ ነው አትብዪ፣ አትወጊ ያላት። መድኃኒቷን ያስቀመጥኩላት ደግሞ እኔ ነኝ። ፍሪጄ ውስጥ። አውቄ ነው ያስቀመጥኩት፣ በርቺ ብዬ ነው የሸኘኋት። እኔን በኋላ የፈለግሽውን አድርጊኝ። አሁን ግን ኤማን ተመልከቻት፤ ከትናንት ጀምሮ አልወጋችም፣ አፏ ያን ሽታ ይሸታል።»

አሰለፈች አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። የአባይነሽን ፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሻግሮ እንደሚያይ ሰው አየችው። ከዚያ ሐዘንተኛ ከማይነሳበት ፍራሽ ላይ ተነሳች።

ኤማ ካፖርቷን አንጠልጥላ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። እጀታውን ይዛለች፤ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ታች ተንሸራተተች።

«ጋሽ ተረፈ፣ አምቡላንስ ይጥሩ» አለች አሰለፈች። «ጮክ ብለው ይንገሯቸው።»

እርሳቸውም እንደታዘዙት፣ በሕይወታቸው እንዳልጮኹት ጮኹ።

አሰለፈች ከፍሪጁ በር ላይ የኤማን መድኃኒትና መለኪያውን አመጣች። ጣቷን ወጋች፤ መለኪያው ቁጥር እንኳን አልሰጠም፣ ከመጠን በላይ ነው ብሎ ጻፈ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት የምትለውን ጋሽ ተረፈ እየደገሙላት፣ እሷ መርፌውን አዘጋጀች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«ማማ፣ ናይ» አለች ኤማ እያለቀሰች። «ከወጋሽኝ... ፍሬን እኔ ነኝ... ደውላልኝ ነበር እኮ፣ ማማ፣ እኔ ነኝ በርቺ ያልኳት...»

አሰለፈች ለአፍታ ቆመች። ይህን አልሰማችም ነበር። ገባት፤ ፊቷ ላይ ሲገባት ታየ። ከዚያ የልጇን ሹራብ ወደ ላይ ገለጠች።

«ሆድሽን አላልተሽ ያዢ» አለች። «አንቺ ልጄ ነሽ። ሆድሽን አላልተሽ ያዢ።»

ወጋቻት።

የአምቡላንሱ ሰዎች መጥተው ኤማን በቃሬዛ ሲያወርዱ፣ አሰለፈች ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች አብራ ሄደች። አባይነሽ ካፖርት ልታለብሳት እጇን ስትዘረጋ፣ ካፖርቱን ተቀብላ፣

«እኔ ስመለስ እዚህ እንዳላገኝሽ» አለቻት። ዓይኗን አላየችም።

ለቀስተኛው ወደ መስኮቱ ተጠጋግቶ የሰማያዊውን መብራት መራቅ ያያል። ጋሽ ተረፈ ስልኩን እንደያዙ ቆመው ቀርተዋል። ቆየት ብለው ሐኪም ቤት ደውለው፣ ትተርፋለች መባሉን ለሁሉም ነገሩ፤ ዛሬ ማንም ቀስ ይበሉ አላላቸውም።

አባይነሽ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ሳሎን አትገባም፣ ቤቷም ገና አልወረደችም። ቃሬዛው ሲያልፍ በሩ ጋ የነበረው የለቀስተኛ ጫማ ተበታትኖ ነበርና፣ ተንበርክካ እያጣመረች አፋቸውን ወደ በሩ ታዞራለች። የጋሽ ተረፈን ሰፊ ቦት፣ የሴቶቹን ጥቁር ጥቁር ጫማ።

ከሥር፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አንድ ነጭ የሩጫ ጫማ አገኘች። ትንሽ ናት፣ ሠላሳ ሰባት ቁጥር። ማሰሪያዋ ሳይፈታ ተረግጣ የወለቀች፣ ተረከዟ የተጨማደደ። ፍሬ ቸኩላ ስትገባ እንዲህ ነው የምታወልቀው።

አባይነሽ ጫማውን ጭኗ ላይ አደረገች። ቋጠሮው ጠብቋል፤ በጥፍሯ ፈለፈለችው፣ በጥርሷ ያዘችው፣ ፈታችው። ከዚያ ማሰሪያውን ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ እየሳበች፣ እግር ሳይቸገር እንዲገባበት ያህል አላላችው።